«መመሪያው የት አለ?» ሕግ ከነጋሪት እስከ ስልካችን የመጣበት መንገድ

በሞያሌ ዕቃ ያሳለፈ ሁሉ «መመሪያ አለ» የምትለውን አባባል ያውቃታል። ቦሎቄ ጭናችሁ ስትሻገሩ፣ ብርድ ልብስና የፕላስቲክ ዕቃ ይዛችሁ ስትመለሱ፣ ኬላ ላይ የቆመው ሰው ይህችን ቃል ካወጣ ክርክሩ አለቀ። ቁጥሩ ስንት ነው? መቼ ወጣ? ማን ፈረመበት? ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። ንግዱን በጀመርኩበት ዘመን ትራንዚተሮቹ የመመሪያ ፎቶኮፒ በፋይል ይዘው ይዞሩ ነበር፤ ሲያሳዩንም ከሩቅ ነው። ቅጂውን ቢሰጡንማ በሚቀጥለው ጊዜ ማን ይከፍላቸዋል? እንጀራቸው ወረቀቱ እኛ እጅ አለመኖሩ ነበር።

ዛሬ ያው ነጋዴ ስልኳን አውጥታ አዋጁን ከነአንቀጹ ልታነብ ትችላለች። ይህ እንዴት መጣ የሚለውን ታሪክ ቁጭ ብዬ ሳገላብጠው ከጠበቅሁት በላይ ረጅም ሆኖ አገኘሁት፤ ግማሹም ከእኛ ሩቅ አገር የተሠራ ነው። ከዚህ በታች ስለ አገራችን የምጠቅሳቸው ዓመቶች «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በስተቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ግን ሁሉም በእ.ኤ.አ. ናቸው።

ከድሮው እንጀምር። ጋዜጣ ሳይኖር በፊት የንጉሥ ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። ነጋሪቱ ይጎሰማል፣ አዋጅ ነጋሪው ይቆማል፣ ቃሉ ይነገራል። ይህ የሚሆነው የት ነው? ገበያ ላይ፣ ያውም በገበያ ቀን። ሰው የሚሰበሰበው እዚያ ነውና ንጉሡ ሕጉን ይዞ ወደ ነጋዴው ይመጣ ነበር ማለት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ለአድዋ ክተት ሲያውጁ ቃላቸው አገሩን ያዳረሰው በዚሁ መንገድ ነው። ለመስማት የሚከፈል ነገር አልነበረም፤ ማንበብም አይጠይቅም። ጉድለቱ ሌላ ነው። የተነገረ ቃል በነጋታው አይያዝም፤ የገዢው ሹም «እንዲህ ተብሏል» ሲል «የለም፣ እንዲያ ነው የተባለው» ብሎ የሚያሳየው ወረቀት ገበሬውም ነጋዴውም አልነበረውም።

ወረቀቱ የመጣው ከጣልያን መባረር በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ተመለሱ፤ በ1934 ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቋመ። የዘመኑ አዋጅ ቁጥር 1 ራሱ ጋዜጣውን ያቋቋመው አዋጅ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይቆጠራል። ስሙን ከከበሮው ወሰደ፤ የከበሮውን ጠባይ ግን አልወሰደም። ከበሮው ወደ ገበያ ይሄድ ነበር፤ ጋዜጣው አዲስ አበባ ተቀምጦ «ኑ ግዙኝ» አለ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ ሁለት ነገር ታያላችሁ፦ በአንድ በኩል «ያንዱ ዋጋ» ይላል፣ በሌላው በኩል የፖስታ ሣጥን ቁጥር ፹ሺ፩ ተጽፏል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አራት ኪሎ ነው። ሞያሌ፣ ቶጎጫሌ ወይም መተማ ላለ ሰው የሕጉ አድራሻ እንግዲህ ያ ነበር፤ አንድ ፖስታ ሣጥንና አንድ ዋጋ።

ነጋሪት ጋዜጣን ማሳነሴ አይደለም። ወረቀት ሲባል ይያዛል፣ ይቆጠራል፣ ይከራከሩበታል። አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ ተሰልፎ መውጣቱም ለእኛ ለድንበር ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፤ ናይሮቢ ላለ ደንበኛዬ የቀኙን ዓምድ ብቻ ልኬለት የተግባባንበት ጊዜ አለ። ችግሩ ሕግ አወጣሁ ማለትና ሕግ አደረስኩ ማለት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሆነው ሳለ እንደ አንድ መቆጠራቸው ነው። በ1987 የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ፣ አዋጅ ቁጥር 3፣ በጋዜጣው የታተመን ሕግ ማንኛውም የመንግሥት አካልም ሆነ ማንኛውም ሰው እንዲቀበለው ያዛል። አንብቦታል ወይ? አግኝቶታል ወይ? የሚል ጥያቄ የለም። ከታተመ ታውቋል ነው። ሕግ አለማወቅ ደግሞ ከቅጣት አያድንም ይባላል።

ዲፕሎማዬን ስማር የንግድ ሕግ የሚባል ትምህርት ነበረን። መጽሐፉ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ መጽሐፍ አልኩት እንጂ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነበር። የአማርኛው አንቀጽ ቁጥር በግዕዝ አኃዝ ስለሆነ ቀለሙ ሲደበዝዝ ፯ እና ፮ አይለዩም። አንዷ ጓደኛችን አንድ ሙሉ ገጽ በእጇ ገልብጣልን ነበር፣ የፎቶኮፒው ጥቁረት ገጹን ስለበላው። ይህ ኮድ እስከ 2013 ድረስ፣ አዲሱ አዋጅ ቁጥር 1243 እስኪተካው፣ ስድሳ ዓመት ገደማ ያገለገለ ነው። የንግዱን ዓለም ስድሳ ዓመት የገዛ ሕግ በነጋዴ ቤት አይገኝም ነበር። የነበረው በጠበቃ ቤት ነው።

የፍርድ ቤት ውሳኔ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት አንዳንድ ፍርዶችን ያትም ነበር፤ ከዚያ ውጭ ፍርዱ ያለው ከባለጉዳዩና ከመዝገብ ቤት ዘንድ ነው። በ1997 ግን አዋጅ ቁጥር 454 መጣ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለን ፍርድ ቤት ሁሉ እንዲያስገድድ አደረገ። አስገዳጅ ከሆነ ደግሞ መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ውሳኔዎቹን እያተመ እንዲያሰራጭ ታዘዘ። የሰበር ቅጾች የምንላቸው እንዲህ ተወለዱ፤ ዛሬ ከ20 በላይ ናቸው። የሽያጭ ውል፣ የዕቃ ማጓጓዝ፣ የዋስትና ክርክር ያለባችሁ ሰዎች፣ ጠበቃ ከመያዛችሁ በፊት ብትገልጧቸው አትጎዱም።

አሁን ትንሽ ራቅ ብለን አሜሪካ እንሂድ፤ የነፃው መንገድ ጅምር እዚያ ስለሆነ። በዚያ አገር ሕግ በኮምፒውተር መፈለግ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተጀምሯል፤ ሌክሲስ በ1973፣ ዌስትሎው በ1975። ግን ሁለቱም በክፍያ ናቸው፤ ገንዘቡ ላላቸው የጥብቅና ቢሮዎች የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፒተር ማርቲን የሚባሉ የሕግ መምህርና ቶም ብሩስ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ አንድ ሆነው የሕግ መረጃ ተቋም አቋቋሙ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሕጉ የሕዝብ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ እናስቀምጠው፣ ማንም ሳይከፍል ያንብበው። በዚያን ጊዜ ዌብ የሚባለው ነገር ገና ጨቅላ ነው። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ድረ ገጽ የሚያሳይ ፕሮግራም እንኳ ስላልነበረ ቶም ብሩስ በ1993 ሴሎ የተባለውን ራሱ ሠራ። ይህ ነገር በጣም ይገርመኛል። ሱቅ ለመክፈት አስቦ መንገድ እንደሌለ ሲያይ መንገዱን የጠረገ ነጋዴ ማለት ነው።

በ1995 አውስትራሊያውያን አውስትሊ የተባለውን የራሳቸውን አቆሙ፤ እንግሊዝና ካናዳም ተከተሉ። በ2002 እነዚህ ተቋማት ሞንትሪያል ላይ ተሰብስበው አንድ መግለጫ አወጡ፤ ፍሬ ነገሩ የሕዝብ የሆነ የሕግ መረጃ የሰው ልጅ የጋራ ሀብት ነው፣ በነፃ ሊደረስበት ይገባል የሚል ነው። እንቅስቃሴው ወደ አህጉራችንም የወረደው በዚያው ሰሞን ነው፤ በደቡብ አፍሪካ በኩል ጀምሮ ወደ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ደረሰ።

ኬንያን ለብቻዋ ያቆየኋት በምክንያት ነው። ብዙዎቻችን የኬንያን ሕግ በስልካችን ያነበብነው ከራሳችን ሕግ ቀድመን ነው፤ እኔ በበኩሌ እንደዚያ ነው። ይህ ከሀብታቸው ብቻ የመጣ ይመስላችኋል? አይደለም። እነሱም የጨለማ ዘመን ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1975 ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ የጋራ የፍርድ መዝገብ ነበራቸው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሎው ሪፖርትስ ይባል ነበር። የፊተኛው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሊፈርስ ሲል ያም ቆመ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የፍርዶች ኅትመት ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ሆነ። ጠበቆች የፍርድ ፎቶኮፒ ደብቀው ይይዙ ነበር ሲባል የእኛ ትራንዚተሮች ትዝ ይሉኛል።

ያዳናቸው በ1994 የወጣ አንድ ሕግ ነው። ብሔራዊ የሕግ ዘገባ ምክር ቤት የሚባል አካል አቋቋመ፤ ዛሬ ኬንያ ሎው በሚለው ስሙ የምናውቀው እሱ ነው። ሥራውን በወጉ የጀመረው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። በመጀመሪያ የተሰጠው ፍርዶችን መዘገብ ነበር፤ በ2009 ደግሞ ሕጎቹን ማጠናቀርና ማሻሻያዎቹን ከዋናው ጋር ማዋሐድ ተጨመረለት። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ደግሞ ዜጋ መንግሥት የያዘውን መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደነገገ። ልዩነቱን አያችሁ? ሕጉን ለሕዝብ ማድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕለት ሥራ ሆነ። ሠራተኛ አለው፣ በጀት አለው፣ ካላደረሰ የሚጠየቅ አለ።

ይህ ምን ያደርጋል የሚል ካለ የ2024ቱን ሰኔ ያስታውስ። የኬንያ የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ ሲወጣ ወጣቶቹ ረቂቁን ራሱን አወረዱ፣ አንቀጽ በአንቀጽ አነበቡ፣ ወደ ስዋሂሊና ወደ እናት ቋንቋቸው እየተረጎሙ በቲክቶክ ለቀቁት። በዳቦ ላይ ምን ሊጣል እንደታሰበ፣ ከውጭ በሚገባ የሕፃናት ዳይፐር ላይ ምን እንደሚመጣ ገበያ ውስጥ ያለች እናት ሁሉ ታውቅ ነበር። ብዙ ወጣቶች ሕይወታቸውን ያጡበት መራራ ወቅት ነው፤ በመጨረሻ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን ሳይፈርሙ መለሱት። ከዚያ በፊት የታክስ ረቂቅ የሒሳብ ባለሙያና የጠበቃ ንባብ ነበር።

ለእኛ ንግድ የሚቀርብ ሌላ ምሳሌ ልስጥ። ድንበር ላይ «እስከ 2,000 ዶላር ቀረጥ የለም» የሚል ወሬ ሲሸጥ ሰምታችኋል። እላችኋለሁ፣ ሲሸጥ ነው ያልኩት፤ «ወረቀቱን እኔ አወጣልሻለሁ» እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉበት ደላሎች አሉ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ቀለል ያለ የምርት መገኛ የምስክር ወረቀት እውነት አለ፤ ዋጋው ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር ላልበለጠና በዝርዝሩ ውስጥ ላለ ዕቃ ድንበር ላይ የሚሰጥ ነው። ግን ዕቃው በአባል አገር የተመረተ መሆን አለበት። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ስለዚህ ከእኛ በኩል የተነሣ ቦሎቄ በዚህ ወረቀት አያልፍም፤ ለእኅቶቻችን ከቡሲያ ኡጋንዳ ወደ ኬንያ ለሚሻገሩት ግን ያገለግላል። ሁለት መስመር ማንበብ የስንት ሰው ገንዘብ ያድን ነበር!

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ በኩል እንደ ኬንያ ሎው ያለ አካል አልነበረም፤ ክፍተቱን የሞሉት በግል የተነሡ የሕግ ሰዎች ናቸው። አቢሲኒያ ሎው የተባለው ድረ ገጽና ችሎት የተባለው ብሎግ አዋጆችን፣ ደንቦችንና የሰበር ውሳኔዎችን እየሰበሰቡ በነፃ አወጡ። ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለጋቸውም፤ በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የሕግ ጽሑፎችንና ይፋዊ ትርጉማቸውን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። ሕግ መቅዳት ሌብነት አይደለም ማለት ነው። ስንቱ የማያውቀው መልካም አንቀጽ! በኋላ ደግሞ ቴሌግራም መጣና አንዱ ያገኘውን ለሺህ ሰው በአንድ ሌሊት ማድረስ ተቻለ።

ነገር ግን መኖርና መገኘት አሁንም ይለያያሉ። አብዛኛው ፋይል ከወረቀት የተነሣ ምስል ነው፤ ቃል ብትፈልጉበት አይመልስም። በኮምፒውተር የተተየበውም ብዙ ጊዜ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በኋላም ቢሮዎች በፓወር ግዕዝ መጻፋቸውን ቶሎ አልተዉም። እንደዚያ የተጻፈን አዋጅ ስትቀዱት የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይወጣል፤ ጎግልም አያየውም። «ጉምሩክ» ብላችሁ ስትፈልጉ የማይመጣው አዋጁ ስለሌለ አይደለም፣ ማሽኑ ቃሉን ስላላነበበው ነው።

ከሁሉም የበለጠ ለእኛ ለነጋዴዎች የሚያገባን ግን አዋጁ ሳይሆን መመሪያው ነው። አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል፤ መመሪያ ግን መሥሪያ ቤቱ ራሱ አውጥቶ፣ ራሱ ይዞ፣ ራሱ ያስፈጽመው ነበር። የሚፈቀደው ዕቃ ዝርዝር፣ መጠኑ፣ የጊዜ ገደቡ፣ የሚጠየቀው ሰነድ፣ ሁሉም ያለው እዚያ ነው። ለዚህ ነው ታሪኩን ስጽፍ 2012ን ከ1934 እኩል የማየው። በዚያ ዓመት የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ወጣ። መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያዘጋጅ ረቂቁን ለሕዝብ አስታውቆ አስተያየት እንዲቀበል፣ ሲያጸድቀው በጊዜው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በነበረው በዛሬው ፍትሕ ሚኒስቴር አስመዝግቦ ቁጥር እንዲያስሰጥ፣ በድረ ገጽም እንዲጭን ያዛል። ያልተመዘገበና ያልተጫነ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። ይህን ደጋግማችሁ አንብቡት። ከ1934 ጀምሮ ሸክሙ የእኛ ነበር፤ ሕጉን ፈልገን የማወቅ። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክሙ ወደ ባለሥልጣኑ ዞረ፤ ካላሳየህ አታስገድድም ተባለ።

በወረቀት ላይ ነው እንዳትሉኝ፣ በከፊል እውነታችሁን ነው። አንዲት የማውቃት ነጋዴ ስሙን በማልጠቅሰው ኬላ ላይ «መመሪያ አለ» ስትባል ቀስ ብላ «ወንድሜ፣ የተመዘገበበት ቁጥር ስንት ነው? እኔም ላንብበው» አለች። ሰውየው ተቆጣ። ጧት የቆመች እስከ ማታ ቆመች። ሲመሽ አለቃው ስልክ ደውሎ ዕቃዋ አለፈ፤ ቁጥሩን ግን ማንም አልነገራት። የጫነችው ጨርቅ ስለሆነ ነው መጠበቅ የቻለችው፤ ቲማቲም ቢሆን ኖሮ ከፍላ ታልፍ ነበር። ሕግ በእጅ መያዝ ጊዜ ላለውና ለማይበላሽ ዕቃ ይጠቅማል፤ የሚበሰብስ የያዘች ሴት ገና አልደረሰላትም። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ በዚያ ኬላ ቁጥር የሚጠይቁ ሴቶች በዝተዋል።

የቋንቋው ነገርም አለ። የእኛ ጋዜጣ አማርኛና እንግሊዝኛ ነው፤ ሁለቱ ቢለያዩ አማርኛው ይጸናል። ሞያሌ ገበያ ውስጥ ግን ስምምነቱ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ነው የሚካሄደው። ኬንያም ብትሆን ሕጓን የምታወጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስዋሂሊው የመጣው በወጣቶቹ ስልክ እንጂ በመንግሥቱ አይደለም።

ቴሌግራም ላይ ስለምታገኙት ፋይልም አንድ ነገር ልበል። ረቂቅና የጸደቀ ተደባልቆ ነው የሚዞረው። ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም የሌለበትን ይዛችሁ ኬላ ላይ አትከራከሩ። መመሪያ ከሆነ በፍትሕ ሚኒስቴር ወይም በአውጪው መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት፤ ከዚያ አትሙትና መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፤ ኔትወርክ ኬላ ላይ እንደማይገኝ የታወቀ ነው።

አሁን በእኔ በኩል የቀረብኝ አንድ ሥራ አለ። የጉምሩክ አዋጁ ቁጥር 859/2006 ነው፤ በ2011 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1160 ተሻሽሏል። ሁለቱ ለየብቻ ነው ያሉት፤ አንዱን አንቀጽ ለማወቅ ሁለት ፋይል ከፍቶ «ይህ ተሰርዞ በዚህ ተተክቷል» እያሉ መስፋት ያስፈልጋል። ኬንያ ሎው ይህን ስፌት ራሱ ይጨርሰዋል። እኔ በደብተር ጀምሬዋለሁ፤ እስከ ቅጣቱ ክፍል አልደረስኩም። ሁለቱን አዋሕዶ፣ በዩኒኮድ ተይቦ፣ ቃል የሚፈለግበት አድርጎ ያስቀመጠ ሰው ከመካከላችሁ ካለ ይላክልኝ፤ ከሌለም ክፍሎቹን ተካፍለን እንጨርሰው። ከቅጣቱ ክፍል የሚጀምርልኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል።